ወራጅ አለ

«ላ ሴሃ» ይሉታል፣ ቅንድብ ነው ሲፈታ፣
ኤል አልቶ ቁልቁል ላ ፓዝን የሚያይበት ቦታ።
ከላይ እንተኛለን፣ ከታች ነው እንጀራ፣
ጎህ ሳይቀድ ይወርዳል የሰው ጎርፍ በተራ።
እኔም አንዷ ነበርኩ፤ ዋራ በጀርባዬ፣ ባልዲዬ በእጄ፣
የሰው ወለል ለመወልወል፣ ሳይጠረግ የገዛ ደጄ።

ወንድሜ ኤውሎሂዮ ወያላ ነበረ፣
ከበሩ ተንጠልጥሎ ግማሽ አካሉን ለነፋስ እየገበረ።
«ፔሬስ! ፕራዶ! ሳን ፔድሮ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»
አሥራ አራት ሆነን ተጠቅጥቀን ገና አንድ ሰው ነው የሚቀረው።
ድምፁ ሦስት መንገድ ተሻግሮ እንቅልፋሙን ይቀሰቅስ ነበር፤
ሚስቱ እንኳ «መጀመሪያ ድምፁን ነው ያገባሁት» ትል ነበር።

ከዚያ ኩርባው ላይ መቆም ነው።
ሞተሩ ይስላል፣ ልጄ ትስላለች፣
ማን ከማን ሳል እንደተማረ አላውቅም።
የመስኮቱን ጉም በጣቷ ጠርጋ
የጭስ ማውጫ ትቆጥራለች፦ አንድ፣ ሁለት፣ አሥር።
ቁጥር የተማረችው እዚያ ነው።
ሁለት ሙሉ ሰዓት ከዕድሜዬ፣ በየጠዋቱ፣
እንደ ታሪፍ እከፍል ነበር፣ መልስ የሌለው።

ግን
አንድ ቃል ነበረኝ በኪሴ።
«ወራጅ አለ!»
ስል ያ ሁሉ ብረት ይቆማል።
በደሃ ምላስ ላይ ከዚህ የከበደ ቃል አላውቅም።
አሠሪዬ ስሜን ረስታ «አንቺ» ትለኛለች፣
ሹፌሩ ግን ቃሌን ሰምቶ ፍሬን ይይዛል፤
አልባሌ የግንብ ጥግ፣ ማንም የማይቆምበት፣
የእኔ መውረድ ፌርማታ ያደርገዋል።

አንድ ቀን ሰማዩ ላይ ገመድ ተዘረጋ።
ልብስ ሊያሰጡበት ነው አልን።
ገመዱ ግን ያሰጣው ሰው ነው፦
ሽማግሌ፣ ተማሪ፣ ነርስ፣ ድንች የተሸከመች ባልቴት፣
ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣ ተያይተው፣
እንዳልተያዩ ሆነው።
ጭስ የለም። ጥሩንባ የለም። ዋራ ሳሏን ረሳችው፤
አሁን የምትቆጥረው ጣሪያ ነው፦
ጣሪያ ላይ የታሰረ ውሻ፣ ጣሪያ ላይ የደረቀ ካልሲ፣
ጣሪያ ላይ ብቻዋን የምትደንስ ወፍራም ሴት
(ስናልፍ ቆም ብላ፣ ካለፍን በኋላ የቀጠለች)።
የእናቴን ጉልበት የበላው ያ ሁሉ ደረጃ
ከላይ ሲታይ
የተጣለ ማበጠሪያ ያክላል።

ጠዋቴ ተመለሰልኝ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል።
ደጄን እጠርጋለሁ አሁን። የዋራን ፀጉር
እጎነጉናለሁ፣ ሳልጎትት።

ኤውሎሂዮስ?
ኤውሎሂዮን ጣቢያው ቀጠረው፣ ዩኒፎርም ለበሰ፣
ነጭ ጓንት አጠለቀ፣ ድምፁ ግን አነሰ።
«ስምንት ስምንት ይግቡ» ይላል በሹክሹክታ፤
ለቤቱ ደመወዝ፣ ለጉሮሮው ዝምታ።
ሌሊት ግን፣ ትላለች ሚስቱ፣
ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ ይቀመጣል፣
«አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ለጨለማው፣
እጁን ዘርግቶ በሩን ይፈልጋል።

ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ መብረቁ ሲበዛ፣
ገመዱ ቆመ። ካቢናችን
ከአሮጌው ኩርባ በላይ ተንጠለጠለች።
ስምንት ሰው፣ አንድ እስትንፋስ።
ከታች የሚኒባሶቹ መብራት እንደ ድሮው ተሰልፏል፤
ጭሱ አይደርሰንም፣ ድምፅ ግን ይደርሳል፦
አንድ ልጅ እግር ወያላ፣ የማላውቀው፣
«ሴሃ! ሴሃ!» ይጣራል።
ከፊቴ የተቀመጠው ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ፣
ወደ ብረቱ ቀና ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣
«ወራጅ አለ» አለ።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ዋራ ሳቀች፣
ከዚያ ነርሷ፣ ከዚያ ሁላችን፣
ካቢናዋ እስክትወዛወዝ።
ድንቿ ባልቴት ከየት ሰፈር እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፣
ሽማግሌው ደግሞ ስሜን።
«ሳቱርኒና» አልኩ።
ስሜን ለሰው ከተናገርኩ ስንት ጊዜዬ!

ገመዱ ሲንቀሳቀስ
ጥቂት ቅር አለን።